ፓራማታ፦ ለጎንደር ነጻነት ቀን አጥቢያ የሰጠመችው መርከብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ጦር መርከቦች ከጎንደርና ከአካባቢዋ የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚነሡት ከአንድ ስም ነው፤ ፓራማታ ከሚባለው። በዚህ ስም የተጠሩ አራት የአውስትራሊያ መርከቦች አሉ። ብዙዎቹ ጥያቄዎች የአንዷን ታሪክ ለሌላዋ የሰጡ በመሆናቸው መልሶቻችንን በአንድነት አቅርበናል። የውጭ ቀኖችን በወሮቻቸው የውጭ ስም ጽፈናል፤ «ኅዳር» ስንል ሁልጊዜ የእኛው ኅዳር ነው።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ፣ አዘዞ። ኅዳር 18 ጎንደር ከጣሊያን ነጻ የወጣችበት ቀን ሲወሳ፣ በዚያው ዕለት አንዲት የአውስትራሊያ ፍሪጌት ከነባሕረኞቿ ሰጠመች የሚል ነገር ይነገራል። ለተማሪዎቼ ከመንገሬ በፊት እውነት መሆኑን ልወቅ። በጎንደሩ ውጊያስ ድርሻ ነበራት?

መልስ፦ ቀኑ ልክ ነው። «ፍሪጌት» የሚለው ግን ይታረም። መርከቧ ኤችኤምኤኤስ ፓራማታ ትባላለች፤ ከስሟ በፊት ያለው አጽሕሮት «የግርማዊነታቸው የአውስትራሊያ መርከብ» ማለት ነው። ዓይነቷ ስሉፕ ነው፤ ለአጃቢነት የምትሠራ፣ ከፍሪጌት የምታንስና የምትዘገይ መርከብ። በሲድኒ ወደብ ውስጥ ባለው የኮካቱ ደሴት የመርከብ ፋብሪካ ተሠርታ ኤፕሪል 8 ቀን 1940 አገልግሎት ጀመረች። ኖቬምበር 27 ቀን 1941 እኩለ ሌሊት አለፍ እንዳለ፣ ሊቢያ ውስጥ ለተከበበችው ለቶብሩክ ጥይት የጫነችውን «ሃነ» የተባለች መርከብ ስታጅብ ዩ 559 የተባለች የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ በቶርፒዶ፣ ማለትም በውኃ ውስጥ በሚሄድ ፈንጂ፣ መታቻት። 138 ሰዎች ሞቱ። መኮንኖቿ በሙሉ፣ አዛዧ ሌተና ኮማንደር ጄፈርሰን ዎከርም ጭምር፣ ከሟቾቹ ውስጥ ናቸው። የተረፉት 24 ብቻ ነበሩ፤ 21ዱን አብራ ታጅብ የነበረችው «ኤቨን ቬል» ከውኃ አወጣቻቸው፣ ሦስቱ ራሳቸው ዋኝተው የብስ ደረሱ።

ኖቬምበር 27 ቀን 1941 በእኛ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዕለት የጣሊያኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናዚ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ፤ በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው የጣሊያን ምሽግ በዚሁ አበቃ። የጎንደር መከላከያ ምሽግ የነበረው ቁልቋል በር የወደቀው ከስድስት ቀን በፊት፣ ኅዳር 12 ነበር። በቀጥታ ግን መርከቧ ከጎንደር ውጊያ ጋር ግንኙነት አልነበራትም። ያኔ በሜዲትራኒያን የነበረችው ኖቬምበር 18 በሊቢያ በረሃ የተጀመረውን ማጥቃት ስትደግፍ ነው። ለተማሪዎችዎ ሁለት ግንባር፣ አንድ ዕለት ብለው ይንገሯቸው። ከእኛ ምድር ጋር የሚያገናኛት ከዚያ በፊት በቀይ ባሕር የሠራችው ሥራ ነው፤ እሱን ቀጥለን እናያለን።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። በፈረንጆች አቆጣጠር ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ መርከቧ የሰጠመችበትም ናዚ እጁን የሰጠበትም «27» ተብሎ ይመዘገባል። በእኛ አነጋገር ግን መርከቧ የሰጠመችው ለኅዳር 18 አጥቢያ ሌሊት ነው፤ ጎንደር ነጻ የወጣችው ሲነጋ በቀኑ ነው። «አጥቢያ» የሚለው ቃላችን የትኛው እንደቀደመ ያለ ምንም ማብራሪያ ስለሚናገር፣ ሲጽፉትም ሲያስተምሩትም ይጠቀሙበት።

ጥያቄ፦ ከማክሰኝት። የአባቴ የአርበኝነት ወረቀቶች በኢትዮጵያ ቀን፣ የእንግሊዝ ጦር መዝገቦች በውጭ ቀን ናቸው። በትክክል የማስተያያ ዘዴ ስጡኝ።

መልስ፦ በመጀመሪያ የዓመቱን መባቻ ይወቁ። መስከረም 1 አብዛኛውን ጊዜ ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል። ያለፈው ዓመት ጳጉሜ 6 ከነበረው ግን ሴፕቴምበር 12 ይሆናል። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ነው። 1931 እና 1935 እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ስለዚህ የ1932 እና የ1936 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለ። 1934 ግን በ11 ጀመረ።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን የእኛን ወር 30 ቀን እያደረጉ መቁጠር ነው። በ1934 ጥቅምት 1 ኦክቶበር 11፣ ኅዳር 1 ኖቬምበር 10 ዋለ። በ10 ላይ 17 ሲጨምሩ ኖቬምበር 27 ላይ ኅዳር 18ን ያገኛሉ። ዓመቱን ለመለወጥ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ ከውጭው ዓመት 7፣ ከጃንዋሪ 1 በኋላ 8 ይቀንሱ።

ሰዎች በብዛት የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። የመጀመሪያው ዓመቱን ሙሉ 8 መቀነስ ነው፤ እንዲያ ከተሠራ የጎንደር ነጻነት 1933 ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው የመዝገቡን ሰዓት እንዳለ መገልበጥ ነው። የባሕር ኃይል መዝገብ 24 ሰዓት ይቆጥራል፤ 00:30 ማለት ከሌሊቱ 6:30 ነው። ወደ እኛ ሰዓት ለመለወጥ 6 ይቀንሱ፤ ካልበቃ መጀመሪያ 12 ይጨምሩ፤ ውጤቱ ከ12 ከበለጠ 12 ይቀንሱለት።

ጥያቄ፦ ከፒያሳ፣ ጎንደር። ፓራማታ ምጽዋ ደርሳለች የሚባለው እውነት ነው? አንዲት ትንሽ መርከብ በቀይ ባሕር ምን ልትሠራ ትችላለች?

መልስ፦ ደርሳለች። ጣሊያን በጁን 1940 ጦርነት ሲያውጅ ምጽዋ ላይ ደስትሮየር የተባሉ ሰባት ፈጣን የጦር መርከቦችና ስምንት ሰርጓጅ መርከቦች ነበሩት። ሜዲትራኒያን ለንግድ መርከብ ስለተዘጋ ግብጽ ላለው ጦር የሚላከው ጥይት፣ ነዳጅና ወታደር በደቡብ አፍሪካ ዞሮ፣ ባብ ኤል መንደብን አልፎ፣ በምጽዋ ፊት ነበር የሚሄደው። ፓራማታ ከጁላይ 1940 መጨረሻ ጀምሮ ለዘጠኝ ወር ያህል እነዚህን መርከቦች ስታጅብ ቆየች። እህቷ ያራም በዚያው መሥመር ላይ ነበረች፤ በኦክቶበር 1940 የጣሊያን ደስትሮየሮች የታጀቡትን መርከቦች በሌሊት ሲያጠቁ ከተጋፈጧቸው አንዷ ነች።

ለፓራማታ የሚያኮራት ሥራ ግን ጉተታ ነው። በኤፕሪል 1941 መጀመሪያ፣ ምጽዋ ስትወድቅ፣ ማስ 213 የተባለች የጣሊያን ቶርፒዶ ጀልባ «ኬፕታውን» የተባለችውን የእንግሊዝ ክሩዘር (ትልቅ የጦር መርከብ) መታቻት። ኬፕታውን ከ4 ሺህ ቶን በላይ ትመዝናለች፤ ፓራማታ 1,060 ቶን ናት፣ የሞተሯም ጉልበት 2,000 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው። አራት እጥፍ የምትከብዳትን ቁስለኛ ፖርት ሱዳን ድረስ ጎተተቻት። ከምጽዋ እስከ ፖርት ሱዳን 270 የባሕር ማይል ገደማ ነው፤ በሰዓት 5 ማይል ቢሄዱ እንኳ ከሁለት ቀን በላይ ይወስዳል።

ጉተታ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለምትፈልጉ፦ መጀመሪያ ቀጭን ገመድ ይወረወራል፣ በእሱ ወፍራሙ ገመድ፣ በወፍራሙ ደግሞ የብረት ገመዱ ይሳባል። የብረት ገመዱ ጫፍ ከተጎታቿ የመልሕቅ ሰንሰለት ጋር ይታሰርና ሰንሰለቱ ወደ ውኃ ይለቀቃል። ዋናው ብልሃት እዚህ ላይ ነው። የሰንሰለቱ ክብደት ገመዱን መሐል ላይ ያረግበዋል፤ ማዕበል ሁለቱን መርከቦች ሲያራርቃቸው እርግቡ ይወጠራል እንጂ ገመዱ አይበጠስም። ሊማሊሞ ላይ የቆመ ከባድ መኪና ሲጎተት ያየ ሰው ሰንሰለቱ በድንገት ከተወጠረ ምን እንደሚሆን ያውቃል። በባሕር ላይ የተበጠሰ የብረት ገመድ እንደ ጅራፍ ተመልሶ እግር ይቆርጣል፤ ስለዚህ ጉተታ ሲጀመር ከኋላው መደብ ሰው ሁሉ ይነሣል። ፍጥነቱም እጅግ በዝግታ፣ ጥቂት በጥቂት ነው የሚጨመረው። የተመታች መርከብ ውኃ አዝላ ስለምታዘነብል ወደ አንድ ጎን እየሳበች ታስቸግራለች፤ ጎታቿም መሪዋን ሁልጊዜ ወደ ተቃራኒው ይዛ መሄድ አለባት።

ምጽዋ ከወደቀች በኋላ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 1941፣ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ቀይ ባሕርን ከጦርነት ቀጠና ዝርዝር አወጡት። ያኔ ጦርነቱ ውስጥ ያልገባችው የአሜሪካ መርከቦች በቀጥታ ስዊዝ ድረስ ጭነት እንዲያደርሱ በሩ ተከፈተላቸው። የአጃቢ ሥራ ዋጋው የሚለካው በሰጠሙ ጠላቶች ብዛት ብቻ ሳይሆን እንዲህ ባለ ነገር ጭምር ነው።

ጥያቄ፦ ስሉፕ፣ ኮርቬት፣ ፍሪጌት፣ ደስትሮየር ልዩነታቸው ምንድን ነው? የእኛዋ «ኢትዮጵያ» መርከብስ ፍሪጌት ነበረች?

መልስ፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደስትሮየር ፈጣኗ ነበረች፤ ከ30 ኖት በላይ ትሄዳለች (1 ኖት በሰዓት 1.852 ኪ.ሜ. ነው)። ስሉፕና ኮርቬት 16 ኖት ገደማ የሚሄዱ አጃቢዎች ናቸው። ፍሪጌት በመሐል ገባች፤ 20 ኖት ያህል የምትሮጥ፣ ረጅም ርቀት የምትዘልቅ፣ ከሁሉ በላይ ሰርጓጅ የምታድን። ዛሬ ግን ስሙ ሰፍቷል፤ የዛሬዋ ፍሪጌት የዚያን ዘመን ደስትሮየር በክብደት ትበልጣለች።

«ኢትዮጵያ» ፍሪጌት አልነበረችም። በ1944 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለአሜሪካ ባሕር ኃይል «ኦርካ» በሚል ስም የተሠራች፣ ውኃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖችን የምታገለግል መርከብ ነበረች። በ1962 ወደ ኢትዮጵያ መጥታ ምጽዋ ላይ ዋና መርከባችንና የባሕር መኮንኖች ማሠልጠኛ ሆነች። በ1991 ወደ የመን ሸሽታ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እውነተኞቹ ፍሪጌቶቻችን በ1980ዎቹ ከሶቪየት ኅብረት የመጡት ሁለት «ፔትያ»ዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ የምሕንድስና ተማሪ ነኝ፣ ጎንደር። ፓራማታ ሰርጓጅ ለማደን የተሠራች ከሆነ ሰርጓጇን እንዴት ሳትሰማት ቀረች?

መልስ፦ ጥያቄህ ፍሬ ያለው ስለሆነ በቁጥር እንሂድበት።

የዚያን ዘመን ሶናር «አስዲክ» ይባል ነበር። ከመርከቡ ሆድ ሥር ባለ ጉልላት ውስጥ ሆኖ ድምፅ ይልካል፣ ማሚቶውን ያዳምጣል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ማሚቶው በ2 ሰከንድ ከተመለሰ ነገሩ 1,500 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው፣ ምክንያቱም ድምፁ ሄዶ ተመልሷል። ጥሩ በሚባል ባሕር ሁለት ሺህ ሜትር ገደማ ድረስ ይሠራል።

የሚያበላሹት ነገሮች ግን ብዙ ናቸው። አንደኛው ማዕበል ነው። መርከቡ ሲነሣና ሲወድቅ ከሆዱ ሥር የአየር አረፋ ይገባል፤ አረፋ ድምፅን ስለሚውጥ አስዲኩ ይደነቁራል። በዚያ ሌሊት ባሕሩ ክፉኛ ተናውጦ ስለነበር መርከቦቹ በዝግታ ነበር የሚሄዱት። ሁለተኛው የውኃው ሙቀት ነው። ጎርጎራ ላይ ታንኳ ቀዛፊው ረጅሙን እንጨት ጣና ውስጥ ሲሰካ፣ እንጨቱ ውኃው ፊት ላይ የተሰበረ ይመስላል፤ ብርሃኑ ከአየር ወደ ውኃ ሲሻገር ስለሚታጠፍ ነው። ድምፅም ከሞቀ ውኃ ወደ ቀዝቃዛ ሲያልፍ እንደዚሁ ይታጠፋል። ሜዲትራኒያን ላዩ ሞቃት፣ ሥሩ ቀዝቃዛ የሆነ ንጣፍ ስላለው ከንጣፉ በታች የገባ ሰርጓጅ ከአስዲኩ ጨረር ይሸሸጋል። ሦስተኛው የሰርጓጇ ልማድ ነው። ዩ 559 «ሰባት ሲ» (VIIC) የሚባለው ዓይነት ናት፤ በሌሊት የዚህ ዓይነት ሰርጓጆች ብዙ ጊዜ ከውኃ በላይ ሆነው ያጠቁ ነበር። አስዲክ ደግሞ የተሠራው ጠልቆ ላለ ነገር ነው። ከውኃ በላይ ፍጥነቷ 17.7 ኖት ነው፤ የፓራማታ 16.5። አዳኟ ከምታድናት አነሰች ማለት ነው።

አሁን ደግሞ አጃቢዋ ሰርጓጇን አገኘቻት እንበል። መሣሪያዋ የጥልቀት ቦምብ ነው፦ 132 ኪሎ ግራም ገደማ ፈንጂ የታጨቀበት በርሜል፣ በተወሰነ የውኃ ግፊት እንዲፈነዳ በቁልፍ የሚሞላ። ከኋላ ስለሚጣል መርከቧ በሰርጓጇ አናት ላይ ማለፍ አለባት። የአስዲኩ ጨረር ወደ ፊት እንጂ ወደ ታች ስለማያይ በመጨረሻዎቹ 200 ሜትሮች ማሚቶው ይጠፋል። በ15 ኖት፣ ማለትም በሰከንድ 7.7 ሜትር፣ 200 ሜትር ለማለፍ 26 ሰከንድ ያስፈልጋል። በርሜሉ በሰከንድ 3 ሜትር ሲሰጥም 60 ሜትር ለመድረስ 20 ሰከንድ ይጨመርበታል። ድምሩ 46 ሰከንድ ነው። በ4 ኖት የምትሄድ ሰርጓጅ በዚህ ጊዜ 95 ሜትር ያህል ትርቃለች። ቦምቡ ቀፎዋን ለመስበር ግን በ6 ወይም 7 ሜትር ውስጥ መፈንዳት አለበት። ለዚህ ነው አምስትና ከዚያ በላይ በርሜሎች በመስቀል ቅርጽ ይጣሉ የነበረው። በርሜሉ ለቅርብ ጥልቀት ተሞልቶ መርከቧ በዝግታ ከሄደች ደግሞ ፍንዳታው የራሷን ኋላ ያነሣዋል፤ መሪዋና ፕሮፔለሯ ይጎዳሉ።

ከዚያ ወዲህ የመጡት መሣሪያዎች ሁሉ የሞከሩት እነዚያን 46 ሰከንዶች ለመቀነስ ነው። በ1942 የመጣው «ሄጅሆግ» 24 ትንንሽ ቦምቦችን ወደ ፊት 200 ሜትር ገደማ ይወረውራል፤ ካልነኩ አይፈነዱምና የአስዲኩን ጆሮ አያደነቁሩም። በ1961 አገልግሎት የጀመረችው ሦስተኛዋ ፓራማታ «ሊምቦ» የተባለ 900 ሜትር ገደማ የሚወረውር ባለ ሦስት አፈሙዝ ሞርታር ነበራት፤ በኋላም አውስትራሊያውያን ራሳቸው የፈጠሩት «ኢካራ» ተገጠመላት። ኢካራ ቶርፒዶ ተሸክሞ 18 ኪ.ሜ. ያህል የሚበር፣ ሰርጓጇ አናት ላይ ሲደርስ ቶርፒዶውን በጃንጥላ የሚለቅ ነው። አራተኛዋ ሄሊኮፕተር ትልካለች። በ1941 ፓራማታ ቶርፒዶው ከሚደርስበት ቦታ ገብታ ነበር የምትዋጋው፤ ልዩነቱን በዚህ ለካው።

ጥያቄ፦ ከደባርቅ። በአንድ ቶርፒዶ ይህን ያህል ሰው እንዴት አለቀ? የገደለቻትስ ሰርጓጅ ምን ሆነች?

መልስ፦ ቶርፒዶው እንደመታት የጥይት መጋዘኗም ፈነዳ። ለመድፍም ለጥልቀት ቦምብም የሚሆነው ፈንጂ የሚቀመጠው ከውኃ መሥመር በታች ነው፤ ከጠላት መድፍ ይጠብቀዋል፣ ለቶርፒዶ ግን ያጋልጠዋል። 81 ሜትር በምትረዝም ቀጭን መርከብ ላይ ከመጋዘን ርቆ የሚመታ ቦታ ጥቂት ነው። ሌሊቱ፣ ማዕበሉና ከተሰበረው የመርከቧ የነዳጅ ታንከር የሚፈስሰው ዘይት ከፍንዳታው የተረፈውንም ይጥላሉ። ነዳጅ ዘይት ዓይንን ያሳውራል፣ ከተዋጠ ሳንባን ይጎዳል፤ የሰውንና የገመድን መያያዝም ያሟልጫል። ከአምስት ወር በፊት፣ ጁን 24 ቀን 1941፣ «ኦክላንድ» የተባለችው የእንግሊዝ ስሉፕ በአውሮፕላን ስትሰጥም ከ160 በላይ ሰዎችን ከውኃ ያወጣችው ይህችው ፓራማታ ነበረች። ያ ግን በቀን ብርሃን ነበር።

ዩ 559 ከአሥራ አንድ ወር በኋላ፣ ኦክቶበር 30 ቀን 1942፣ ከግብጽ ጠረፍ ፊት ተያዘች። «ፔታርድ» እና ሌሎች የእንግሊዝ መርከቦች ከአውሮፕላን ጋር ሆነው አሥር ሰዓት ያህል አሳደዷትና ቆስላ ወጣች። ጀርመኖቹ ጥለዋት ሲዘሉ ሌተና አንቶኒ ፋሰን፣ መርከበኛ ኮሊን ግሬዚየርና የ16 ዓመቱ የካንቲን ረዳት ቶሚ ብራውን እየሰጠመች ባለችው ሰርጓጅ ውስጥ ገቡ። ፋሰንና ግሬዚየር የምሥጢር መጻሕፍቱን እያቀበሉ ሳለ አብረዋት ሰጠሙ፤ ብራውን ተረፈ። ከተገኙት መጻሕፍት አንዱ የአየር ጠባይ ዘገባ በአጭር ምልክት የሚላክበት ነበር። የእንግሊዝ ምሥጢር ፈቺዎች ኤኒግማ የተባለውን የጀርመኖች የምሥጢር መልእክት መጻፊያ መሣሪያ፣ ባለ አራት ጎማውን፣ ለአሥር ወር ያህል መፍታት አቅቷቸው ነበር፤ በዚህ መጽሐፍ በዲሴምበር 1942 ፈቱት። የአትላንቲክ አጃቢዎች ሰርጓጆች የት እንደተሰበሰቡ ማወቅ የቻሉት በዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጋራዥ አለኝ፣ አዘዞ መንገድ። የዛሬዋ ፓራማታ የናፍታ ሞተርና ጋዝ ተርባይን አንድ ላይ አላት ሲባል ሰማሁ። ሁለት ዓይነት ሞተር ከአንድ ካምቢዮ ጋር እንዴት ይሠራል? ምንስ ይበላሽበታል?

መልስ፦ አራተኛዋ ፓራማታ የ«አንዛክ» ክፍል ፍሪጌት ናት። በጀርመን ንድፍ ላይ ተመሥርታ ቪክቶሪያ ግዛት ዊሊያምስታውን ላይ ተሠራች፤ ኦክቶበር 4 ቀን 2003 አገልግሎት ጀመረች። 118 ሜትር ትረዝማለች፣ 3,600 ቶን ትመዝናለች።

ሁለት ኤምቲዩ የናፍታ ሞተሮች በድምሩ 8,840 የፈረስ ጉልበት፣ አንድ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኤልኤም 2500 ጋዝ ተርባይን ብቻውን 30 ሺህ ገደማ ይሰጣሉ። ተርባይኑ ከአውሮፕላን ሞተር የተወለደ ነው። ሁለቱ ዓይነቶች አብረው አይጎትቱም፤ ወይ ናፍታው ነው ወይ ተርባይኑ። ካምቢዮው መሐል ያለው ፍሪሲዮን የሚይዘው የሚገባው ዘንግ ከሚወጣው ጋር እኩል ዙር ሲደርስ በራሱ ነው፤ የሚገባው ሲዘገይ በራሱ ይለቃል። ስለዚህ ተርባይኑ ተነሥቶ ዙሩን ሲያገኝ ይገባል፣ ናፍታዎቹ ጋዝ ሲቀነስባቸው ይወጣሉ፤ መርከቧ መሐል ላይ ጉልበት አታጣም። አንዱ ተርባይን ሁለቱንም የፕሮፔለር ዘንጎች የሚያዞረው በዚሁ ካምቢዮ ነው። ወደ ኋላ ለመሄድ ማርሽ አያስፈልግም፤ የፕሮፔለሩ ክንፎች ይዞራሉ።

ለምን ሁለት ዓይነት? በውኃ ላይ የሚያስፈልገው ጉልበት በፍጥነቱ ኩብ ልክ ይጨምራል። ከ18 ኖት ወደ 27 ለመውጣት ፍጥነቱ በአንድ ተኩል ይባዛል፤ የአንድ ተኩል ኩብ 3.4 ገደማ ነው፤ 8,840 በ3.4 ሲባዛ 30 ሺህ ይመጣል። ሞተሮቹ የተመረጡበትን ምክንያት ይህ ስሌት ያሳይዎታል። በ18 ኖት ሲጓዙ በአንድ ሙሌት 6,000 የባሕር ማይል ይኬዳል።

ብልሽቱን በተመለከተ፦ ናፍታው ለረጅም ጊዜ በትንሽ ጭነት ከሠራ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም፤ ቫልቩና ማርሚታው በጥቀርሻና ባልተቃጠለ ናፍታ ይዘፈቃሉ። ጄኔሬተር ያለ ጭነት እየሠራ ሲያድር እንደሚሆነው ማለት ነው፤ መድኃኒቱም ያው በየጊዜው ጭነት ሰጥቶ ማቃጠል ነው። ተርባይኑን የሚጎዳው ጨው ነው። የባሕር አየር የያዘው ጨው የኮምፕሬሰሩ ክንፎች ላይ ሲጋገር ጉልበቱ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። ስለዚህ የአየር ፊልትሮው በደረጃ የተሠራ ነው፤ ክንፎቹም ጨው በሌለው ንጹሕ ውኃ ይታጠባሉ። ተርባይን በዝግታ ከተነዳ ነዳጅ ይጨርሳል፤ ለመርከብ ጉዞ ብቻውን የማይመረጠውም በዚህ ነው።

ስለ ፔትያዎቹ ላይ ከጻፍነው ጋር ለማገናኘት፦ እነሱ መሐል አንድ ናፍታ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጋዝ ተርባይን ነበራቸው፤ በእነሱ ግን ናፍታውም ተርባይኖቹም አብረው ይገፉ ነበር።

ጥያቄ፦ ከጎርጎራ። ፓራማታ ማለት ምን ማለት ነው?

መልስ፦ በሲድኒ ያለ ወንዝና ከተማ ነው። ስሙ ከአገሬው ከዳሩግ ሕዝብ ቋንቋ የመጣ ሲሆን እባብ የሚመስለው ረጅም ዓሣ የሚገኝበት ቦታ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የመርከብ ፎቶዎች እሰበስባለሁ። «ፓራማታ» የሚል ጽሑፍ ያላቸው ሦስት ፎቶዎች አሉኝ፤ መርከቦቹ አይመሳሰሉም። የትኛዋ የትኛዋ ናት?

መልስ፦ ጎኗ ላይ ያለውን ቁጥር ይዩ። 154 ከሆነ የዛሬዋ ፍሪጌት ናት፤ ከኋላ የሄሊኮፕተር ማሳረፊያና ቤት፣ ከፊት አንድ አፈሙዝ ያለው መድፍ አላት። 46 ከሆነ ሦስተኛዋ ናት፤ ከ1961 እስከ 1991 ያገለገለች፣ ከፊቷ ባለ ሁለት አፈሙዝ መድፍ ያላት፣ የሄሊኮፕተር ቤት የሌላት። ከፊቱ የላቲን ፊደል ያለበት 44 ከሆነ በ1941 የሰጠመችው ስሉፕ ናት፤ የመድፎቿ አፈሙዝ ስፋት 4 ኢንች ነው። በሥዕሉ ላይ ብዙ ጭስ የሚወጣባቸው ጭስ ማውጫዎች የተደረደሩባት፣ ዝቅ ያለች ጠባብ መርከብ ካለች ደግሞ የመጀመሪያዋ ናት፤ በ1910 ስኮትላንድ ውስጥ የተሠራች ደስትሮየር። የእሷ የፊት ጫፍ ሲድኒ ጋርደን ደሴት ላይ፣ የኋላ ጫፏ ፓራማታ ከተማ ወንዙ ዳር ተተክለው እስከ ዛሬ ይታያሉ።

ቁጥሩ በፎቶው ካልታየ ከጀርባው የተጻፈውን ዓመት ብቻ አምነው አይወስኑ፤ የታተመበት ዓመት ሊሆን ይችላል። የመድፉን አፈሙዝ ይቁጠሩ፣ ከዚያ ኋላዋን ይዩ።